ኩምኩማዲ፦ የሕንድ የፊት ዘይት አሠራርና ከእርሱ ልንጠብቀው የሚገባን

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ የዛሬው ንግግሬ ኩምኩማዲ ታይላም ስለሚባለው የሕንድ የፊት ዘይት ነው። ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም ከሕንዶች ሱቅ ገዝታችሁ ወይም ከዱባይ የመጣ ዘመድ አምጥቶላችሁ ተቀብታችሁታል። በፋርማሲ ባለሙያነት በሠራሁባቸው ዓመታት ስለዚህ ዘይት የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ «ፊት ያቀላል ወይ?» የሚል። መልሱ አጭር ነው፤ አያቀላም። ይሁን እንጂ ጠያቂዋን በዚህ ብቻ ማሰናበት ልክ ሆኖ አልታየኝም። ዘይቱ ድሮም የተሠራው ፊትን ለማቅላት ሳይሆን ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ያን ጉዳይ በሚገባ የሚያውቀው ሰው እያነሰ፣ በስሙ የሚነግደው ግን እየበዛ መጥቷል።

ከስሙ ልጀምር። በሳንስክሪት ቋንቋ «ኩምኩማ» ማለት ዛፍራን ነው፤ በዓረብ አገር የኖራችሁ እህቶች በሩዝና በቡና ላይ ሲጨመር የምታውቁት፣ በሌላ ስሙ ሳፍሮን የሚባለው። «አዲ» የሚለው «እና ሌሎችም» እንደ ማለት ነው። «ታይላ» ዘይት ሲሆን፣ ቃሉ የወጣው «ቲላ» ከሚለው የሰሊጥ ስም ነው፤ በጥንታዊቷ ሕንድ ዘይት ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ሰሊጥ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል። የጥንት ሐኪሞች መድኃኒትን የሚያስተምሩት በግጥም ነበር፤ ተማሪው በቃሉ እንዲይዘውም መድኃኒቱን በግጥሙ መነሻ ላይ በተጠራው ተክል ይሰይሙት ነበር። እንግዲህ ዛፍራን በስም ቀድሞ መገኘቱ በመጠን ይበልጣል ማለት አይደለም፤ ግጥሙ በእርሱ ተጀመረ ማለት ብቻ ነው። ዘይት፣ ቅቤና ስብ በአንድነት የሚጠሩበት «ስኔሃ» የሚል ሌላ የሳንስክሪት ቃል አለ፤ ይኸው ቃል ፍቅር ማለትም ነው። እናት ልጇን አጥባ ስትቀባ ያየ ሰው ሁለቱ ትርጉሞች እንዴት አንድ ቃል ላይ እንደተገናኙ ለመረዳት አይቸገርም።

አዩርቬዳ የሚባለው የሕንድ ባህላዊ ሕክምና ዕውቀት በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ከቆየ በኋላ በትልልቅ መጻሕፍት ተሰብስቧል። ከእነዚህ አንዱ፣ የቻራካ ስብስብ የሚባለው፣ «ቫርንያ» በሚል ስም የፊትን ወዝ ያሳምራሉ የሚላቸውን ዐሥር ዕፅዋት በአንድ ምድብ ይዘረዝራል። ሰንደል፣ ቬቲቨር፣ ሊኮሪስና ማንጂሽታ የሚባለው ቀይ ሥር በዚህ ምድብ ውስጥ አሉ፤ አራቱም ኩምኩማዲ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ የመጡት የመድኃኒት መጻሕፍት ኩምኩማዲን የሚያስቀምጡት «ጥቃቅን ሕመሞች» በሚሉት ክፍል ነው። በዚህ ክፍል የሚገኙት በፊት ላይ የሚወጡ ጥቋቁር ነጠብጣቦች፣ የወጣትነት ብጉርና እኛ ማድያት የምንለውን የሚመስል ጥቁረት ናቸው። ይህን አስምሬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ዘይቱ በአመጣጡ መዋቢያ አልነበረም። ማድያት ለወጣባት ሴት ወይም ብጉር ጠባሳ ለተወበት ጎረምሳ የሚታዘዝ መድኃኒት ነበር።

ወደ ቅመሞቹ እንምጣ። አዘገጃጀቱ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ስለሚለያይ ሁሉንም እዚህ አልዘረዝርም፤ ጠቃሚ በሆኑት ላይ ግን ልቆይ።

ዛፍራን የአንዲት ሐምራዊ አበባ ሦስት ቀያይ ክሮች ናቸው። በሕንድ የሚታወቀው በካሽሚር፣ ፓምፖር በሚባለው አካባቢ የሚበቅለው ነው። አበባው በመከር ወራት ይለቀማል፤ ክሮቹም አንድ በአንድ በጣት ይነቀላሉ። አንድ ግራም ደረቅ ዛፍራን ለማግኘት 150 ያህል አበባ ያስፈልጋል። ይህን ቁጥር በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ ስለ ዋጋ ስናገር እመለስበታለሁ።

ሰንደል በእኛ ቤት በየክፍሉ ለሽታ የምንለኩሰው ቀጭን እንጨት ስም ሆኗል፤ ቃሉ ግን የዛፍ ስም ነው። የሕንድ ሰንደል በተለይ በማይሶር አካባቢ የታወቀ ሲሆን፣ ሽታውም ያለው በግንዱ እምብርትና በሥሩ ነው። ይህ እምብርት እስኪዳብር ዛፉ ብዙ ዓመታት መቆም አለበት። ዛፉ ሥሩን ወደ ጎረቤት ተክሎች ሥር እየላከ ከእነርሱ ስለሚመገብ ለብቻው ተተክሎ አይሆንለትም። እ.ኤ.አ. በ1792 የማይሶሩ ገዥ ቲፑ ሱልጣን ሰንደልን የንጉሥ ዛፍ ብሎ አወጀው፤ ከዚያ ወዲህም ዛፉ ለረጅም ዘመን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ቆይቷል። ይህ ሁሉ ጥበቃ እያለም በስርቆት ስለተጨፈጨፈ ዛሬ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡ ዛፎች ተርታ ይቆጠራል። በርካሽ ዘይት ውስጥ «ሰንደል» የሚል ጽሑፍ ስታነቡ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ሌላ የዛፍ ዘመድ ወይም በፋብሪካ የተቀመመ ሽታ ነው።

ማንጂሽታ ቀይ ሥር ነው፤ ሕንዶች ከዱሮ ጀምሮ ጨርቅ ያቀልሙበታል። ላክ ደግሞ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚሰፍሩ ጥቃቅን ነፍሳት ራሳቸውን ለመሸፈን የሚያወጡት ሙጫ ነው፤ ከእርሱም ቀይ ቀለምና አናጢዎች የቤት ዕቃ የሚያብረቀርቁበት ሼላክ ይገኛል። ቬቲቨርን ገበሬዎቻችን ያውቁታል፤ በኢሉባቦርና በሌሎችም አካባቢዎች አፈር እንዳይታጠብ በማሳ ዳርቻ የሚተከለው ያው ሣር ነው። እኛ የምንፈልገው ቅጠሉንና አፈር የሚይዝበትን ብርታት ሲሆን፣ ሕንዶቹ ግን ሥሩን ቆፍረው ለሽታው ይጠቀሙበታል። ከዚህ ሌላ የሎተስ አበባ፣ የሊኮሪስ ጣፋጭ ሥርና የዋርካ ዘመድ የሆኑ ዛፎች ቅርፊት ይገባሉ፤ በመጨረሻም ሁሉን የሚያገናኙት የፍየል ወተትና የሰሊጥ ዘይት አሉ።

እስከዚህ የነገርኳችሁን ከማንኛውም ጠርሙስ ጀርባ ማንበብ ይቻላል። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ዋና ነገር ግን ጠርሙሱ ላይ አይጻፍም። የዚህ ዘይት ዕውቀት ያለው ምን ገባበት በሚለው ሳይሆን እንዴት ፈላ በሚለው ነው።

ትምህርቴን የተከታተልኩት በደቡብ ሕንድ ስለነበር፣ በአንድ የዕረፍት ጊዜ ኬረላ ውስጥ ዘይት ወደሚሠራበት ቤት የመሄድ ዕድል አግኝቼ ነበር። ቤቱ ጭስ የጠቆረ ጣሪያ ነበረው፤ በምድጃው ላይ ኡሩሊ የሚሉት ሰፊና ጥልቀት የሌለው የነሐስ ድስት ተጥዷል። ሥራውን የሚመሩት አዛውንት ሐኪም እሳቱን በእንጨት እየጨመሩና እየቀነሱ ይቆጣጠሩ ነበር። አንድ እጅ የተወቀጠ ቅመም፣ አራት እጅ ዘይት፣ ዐሥራ ስድስት እጅ ውሃማ ነገር፤ ይህ የቆየው ልክ ነው። ውሃማው ነገር የቅርፊቶቹና የሥሮቹ ፍል ውሃና ወተቱ ነው። ሥራው የሚጠይቀው ያ ሁሉ ውሃ በዝግታ ተንኖ ዘይቱ ብቻ እስኪቀር መጠበቅ ነው። በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን አያልቅም፤ እንዳያልቅም ይመከራል፤ እሳቱ ጠፍቶ ያድርና በማግሥቱ እንደገና ይቀጣጠላል።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አዛውንቱ ከድስቱ ሥር ጥቂት አተላ በማንኪያ አወጡና በጣታቸው መሐል አሽከረከሩት። አልተጣበቀባቸውም፤ እንደ ጧፍ ክር ቀጥ ብሎ ተጠቀለለ። ከዚያ ያችን ክር እሳት ላይ ጣሏትና እጃቸውን አንሥተው ዝም እንድንል ምልክት ሰጡን። ትንሽ ተንጣጣች። «ሞሌ፣ ሰማሽ?» አሉኝ፤ በማላያላም ቋንቋ ልጄ ማለታቸው ነው። «ውሃ ገና አለበት።» ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደገሙት። የዚህ ጊዜ ክሯ ያለ ምንም ድምፅ ነደደች፤ በዘይቱ ላይም ነጭ አረፋ ተነሣ። እሳቱን ወዲያው አስወጡት።

ቅቤ ያነጠረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና እርዱ ገብቶ ቅቤው መጀመሪያ ሲንጫጫ፣ አረፋ ሲያነሣ፣ ቀስ በቀስም ጸጥ ብሎ ሲጠራ ጆሯችንም ዓይናችንም ይከታተለዋል፤ ድምፁ ሲጠፋ ውሃው አለቀ እንላለን። የሕንዶቹ መጻሕፍት በዚህ ረገድ የሚያስገርም ጥንቃቄ አላቸው፤ ቅቤ ሲሆን አረፋው ሲተኛ ደረሰ፣ ዘይት ሲሆን ግን አረፋው ሲነሣ ደረሰ ብለው ለይተው ጽፈዋል። የመድረሱንም ደረጃ በሦስት ይከፍሉታል። አተላው ገና ለስለስ ሲል የወጣው ዘይት ለአፍንጫ ጠብታ፣ መካከለኛው ለሚጠጣ፣ ጠንከር ሲል የወጣው ለሰውነት መታሻ ይሆናል። ከዚያ ካለፈ ተቃጥሏል፤ ለምንም አይሆንም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? በዛሬው የኬሚስትሪ ዓይን ስናየው ጥሩ ምክንያት አለው። ከቅመሞቹ አንዳንዱ ንጥረ ነገር በዘይት ይሟሟል፤ አንዳንዱ ደግሞ በውሃ ብቻ ይሟሟል። ቅርፊትና ደረቅ ሥር ዘይት ውስጥ ቢነከር ብዙም አይለቅም፤ በውሃ ተቀቅሎ ሲለሰልስ ግን ይከፈታል። ወተት ውስጥ ስብና ውሃ ተዋሕደው ስለሚገኙ በሁለቱ መካከል እንደ አገናኝ ይሠራል። ውሃው በዝግታ እየተነነ እስካለ ድረስ የድስቱ ሙቀት ከውሃ መፍያ ብዙም አይርቅም፤ ዘይቱም አይቃጠልም። ውሃው ካለቀ በኋላ ግን ሙቀቱ በፍጥነት ይወጣል። አዛውንቱ የዚያችን ክር ድምፅ በዚያ ሁሉ ትኩረት ያዳመጡት ይህችን ቅጽበት ለመያዝ ነበር። የተረፈ ውሃ ካለ ዘይቱ ቆይቶ ይበላሻል፤ እሳቱ ካለፈም ያ ሁሉ ቅመም ከሰል ይሆናል።

ስለ ዛፍራን ያልኳችሁን አሁን ላንሣው። ዛፍራን ቀለሙን የሚያገኘው ክሮሲን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ክሮሲን ለካሮት ቀለም ከሚሰጡት ዘመዶቹ የሚለይበት ጠባይ አለው፤ እነርሱ በስብ ሲሟሙ እርሱ የሚሟሟው በውሃ ነው። ረጅም እሳትም አይወድም። ስለዚህ ዛፍራንን እንደ ሌላው ቅመም ሁለት ቀን ቢያፈሉት ከዋጋው ብዙውን ለአተላው መስጠት ይሆናል። ጠንቃቃ ሠሪዎች ይህን በልምድ ያውቁታል፤ ዛፍራኑን በጽጌረዳ ውሃ ይፈጩና ዘይቱ ተጣርቶ በሚወርድበት ዕቃ ሥር ያስቀምጡታል፤ ትኩሱ ዘይት በላዩ ይወርዳል። እንዲህም ሆኖ ዘይቱ ከዛፍራን የሚያገኘው በአብዛኛው ሽታውን ነው፤ ከቀለሙ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ደማቅ ቀይ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ኩምኩማዲ ስታዩ፣ ያን ቅላት የሰጠው ማንጂሽታ ወይም ሌላ ቀለም ሰጪ ሥር ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ከፋብሪካ የመጣ ቀለም ነው። «ቀይ ስለሆነ ዛፍራኑ ብዙ ነው» የሚለውን የሻጮች አነጋገር እባካችሁ አትቀበሉ።

አሁን ደግሞ ፊታችን ላይ ምን ያደርጋል ወደሚለው እንምጣ። በመጀመሪያ፣ ዘይት ነው። የቆዳችን የላይኛው ንጣፍ እንደ ግንብ ነው ብላችሁ አስቡት፤ ሕዋሳቱ ድንጋይ፣ በመካከላቸው ያለው ስብ ደግሞ ጭቃው ነው። ይህ ስብ ሲሳሳ ውሃ ከውስጥ ይተናል፤ ቆዳው ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። የሰሊጥ ዘይት ሊኖሌይክና ኦሌይክ የሚባሉ ሁለት የስብ አሲዶችን በተቀራራቢ መጠን፣ እያንዳንዳቸውን 40 በመቶ ያህል ይዟል። ሊኖሌይክ ለዚያ ግንብ ጥገና የሚጠቅም ነው፤ ኦሌይክ ግን ሲበዛ ግንቡን ያላላል። የሰሊጥ ዘይት በተፈጥሮው እንዳይሻግት የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችም አሉት፤ ለዚህ ነው የጥንት ሐኪሞች ለረጅም ማፍላት የመረጡት ብል ከእውነት የምርቅ አይመስለኝም። ሰሊጥ ደግሞ ከሑመራ በረሃ ጀምሮ የምናውቀው፣ አገራችን ለዓለም የምትሸጠው እህል ነው። ስለዚህ ዘይቱን ደረቅ ፊት ያላት ሴት ማታ ማታ ተቀብታ ጠዋት ፊቷ ለስልሶና ወዝ ይዞ ብታገኘው አልዋሸችም፤ ከዚህ ለውጥ ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለሰሊጡና ለእጇ እሽታ ነው።

ዕፅዋቱስ? የሊኮሪስ ሥር ውስጥ ግላብሪዲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ቆዳ ጥቁረት የሚያመርትበትን ኤንዛይም እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ነገር ግን በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የታየ ነገር ሁሉ በዘይት ጠብታ ውስጥ፣ በሰው ፊት ላይ ያንኑ ይሠራል ማለት አይቻልም። ይህን ልዩነት በሚገባ የሚያሳይልኝ ባኩቺ የሚባለው የሌላ ሕንዳዊ ተክል ታሪክ ነው። የባኩቺ ዘር በአዩርቬዳ ለለምጽ ይታዘዝ ነበር። ከዚህ ዘር ባኩቺዮል የሚባል ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣና፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በ44 ሰዎች ላይ ለ12 ሳምንታት የተደረገ ጥናት ውጤት ታተመ። ባኩቺዮል የፊት መሸብሸብንና ጥቁረትን በመቀነስ ረገድ ሬቲኖል ከሚባለው የቫይታሚን ኤ ዓይነት ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ፤ መላጥና ማቃጠሉም ያነሰ ነበር። መልካም ዜና ነው። ይሁን እንጂ ያው ዘር ሳይጣራ ሲጨመቅ ሶራሌን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችንም ይዞ ይወጣል፤ እነዚህ ቆዳን ለፀሐይ እጅግ ስሱ ያደርጉታል፤ ለለምጽ የታዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥናቱን አንብባ ጥሬውን የባኩቺ ዘይት ገዝታ ተቀብታ ፀሐይ ላይ የወጣች ሴት ልትቃጠል ትችላለች፤ ቃጠሎው ሲድንም ጥሎት የሚሄደው ጥቁረት ከቀድሞው የከፋ ሊሆን ይችላል። ተክሉ አንድ ነው፤ የሁለቱ ምርቶች ጠባይ ግን ተቃራኒ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ዘይት ላንሣ። በኬረላ ናልፓማራዲ የሚባል አለ፤ ስሙ «አራቱ ዛፎችና ሌሎችም» ማለት ነው፤ አራቱም የእኛ ዋርካና ሾላ ዘመዶች ናቸው። ከቅርፊታቸው ጋር እርድ ይገባበታል፤ ሕፃናትን ይቀቡበታል፤ ፀሐይ ያጠቆረው ቆዳ ላይም ያደርጉታል። እርድ በሕንድ ቤት ሁሉ ያለ ነገር ነው፤ ሙሽሮች ከሠርጋቸው በፊት ይለቀለቁታል፤ ቁስል ላይም ይነሰነሳል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ እርድ ቁስል ለማዳን መዋሉ እንደ አዲስ ግኝት ተቆጥሮ የባለቤትነት መብት ተሰጠበት። የሕንድ የሳይንስ ምርምር ምክር ቤት ጥንታዊ ጽሑፎችን ማስረጃ አድርጎ ተከራከረና በ1997 መብቱ ተሠረዘ። ሕንድ ከዚህ ትምህርት ወስዳ ከ2001 ጀምሮ ባህላዊ የሕክምና ዕውቀቷን በዲጂታል መዝገብ ማስፈር ጀመረች። ስለ ጤፍ የደረሰብንን የምታስታውሱ ሰዎች የዚህ ነገር ክብደት ይገባችኋል፤ ሔግ የሚገኘው ፍርድ ቤት አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የያዘውን የባለቤትነት መብት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የወይባ ጢሳችንንና የቅባት ዕውቀታችንን እናቶቻችን በሕይወት እያሉ ጽፈን ብንይዝ እወዳለሁ።

አሁን ወደዚያ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። «ቫርና» የሚለው የሳንስክሪት ቃል ቀለምም መልክም ወዝም ማለት ነው። የጥንቶቹ ሐኪሞች ቫርንያ ሲሉ የታመመ ፊት ወደ ጤናማ መልኩ እንዲመለስ ማለታቸው እንደነበር ከተጠቀሱት ሕመሞች ይታያል። የዘመናችን ገበያ ግን «ማንጣት» ብሎ ተረጎመው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሕንድ ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው ታዋቂው የማንጫ ክሬም ንጣትን በስሙ ይዞ 45 ዓመት ከተሸጠ በኋላ በ2020 ስሙን ለመቀየር ተገዷል፤ አስተሳሰቡ ግን በስም ለውጥ ብቻ አልሄደም። በእኛም ዘንድ «ጠይም ናት፣ ግን ቆንጆ ናት» ሲባል እሰማለሁ፤ ያች «ግን» የምትለዋ ቃል ሁልጊዜ ታሳዝነኛለች። በመድኃኒት ቤት ስሠራ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቱ ከማኅበራዊ ሚዲያ ሻጭ «የሕንድ ዛፍራን ዘይት» ተብሎ የተሸጠላትን፣ የሠሪው ስምም ሆነ ቀን ያልተጻፈበትን ነገር ሦስት ወር ተቀብታለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊቷ እንደቀላላት ነገረችኝ። እኔ ያየሁት ግን ጉንጯ ላይ ቆዳው ሳስቶ ጥቃቅን የደም ሥሮች መታየታቸውን ነው፤ ስታቆመው ደግሞ እሳት የመሰለ ሽፍታ ወጣባት። ይህ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት የሚያሳየው ምልክት ነው። ወደ ቆዳ ሐኪም ላክኋቸው። ዕፅዋት ብቻ የሆነ ዘይት በሁለት ሳምንት ፊት አያቀላም፤ ካቀላ ውስጡ ያልተነገራችሁ ነገር አለ ማለት ነው፤ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን የሚባለው ቆዳ የሚያነጣ ኬሚካል ወይም ሜርኩሪ ሊሆን ይችላል።

ስለ ብረታ ብረት የሚነገረውንም በልኩ እናስቀምጠው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በቦስተን አካባቢ ሱቆች የተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶችን መርምሮ በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። በ2008 የታተመው ደግሞ በኢንተርኔት ከተገዙ 193 ምርቶች ከአምስቱ አንድ ያህሉ ውስጥ እንዲሁ ብረት አግኝቷል። እነዚህ የሚዋጡ መድኃኒቶች ነበሩ፤ የፊት ዘይቶች አልነበሩም። ስለዚህ ጥናቶቹን ይዞ ኩምኩማዲን መኮነን ፍትሐዊ አይሆንም፤ ሠሪው ያልታወቀ ዕቃ መግዛት ምን ያህል አደጋ እንዳለው ግን በግልጽ ያሳዩናል። በሕንድ ሕግ የአዩርቬዳ መድኃኒት ጠርሙስ ላይ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የፈቃድ ቁጥር፣ የምርት መለያ ቁጥርና የተሠራበት ቀን መጻፍ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ እኔ አልገዛም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ 150 አበባ ለአንድ ግራም ያልኳችሁን አስታውሱ። ሰንደሉ ብዙ ዓመት ቆሞ የተቆረጠ ነው፤ ድስቱ ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ በሰው ጥበቃ ሥር ነበር። እንዲህ ያለ ዘይት በአንድ ማኪያቶ ዋጋ ሊሸጥ አይችልም። ውድ የሆነ ሁሉ እውነተኛ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ የሚያምር ጠርሙስና ሳጥንም ዋጋ ያስወድዳል።

መጠቀም ለምትፈልጉ፣ አስቀድማችሁ በክርናችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ጠብታ ለሦስት ቀን ያህል እየተቀባችሁ ሞክሩት። የሰሊጥ አለርጂ ያለበት ሰው ጨርሶ አይንካው፤ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ አሜሪካ ከ2023 መግቢያ ጀምሮ ሰሊጥን ከዋና ዋናዎቹ የአለርጂ ምንጮች ጋር መድባ በምግብ ማሸጊያ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ አስገድዳለች። ፊታችሁ ወዛም ከሆነና ብጉር የሚያበዛ ከሆነ ዘይቱ ሊያባብሰው ይችላል። ለደረቅ ፊት ግን ማታ ከታጠባችሁ በኋላ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ሦስት ወይም አራት ጠብታ በመዳፍ አሙቃችሁ በቀስታ ማሸት ይበቃል። ቀን ግን ፀሐይ አይከላከልም፤ ማድያት ያለባት ሴት ጥላና የፀሐይ መከላከያ ከሌላት በዓለም ያለ ዘይት ሁሉ ቢደፋላት ማድያቷ ተመልሶ ይመጣል። በእርግዝና ጊዜ የሚወጣ ማድያት ከወሊድ በኋላ በራሱ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ነፍሰ ጡር እህቶች ማንኛውንም ነገር ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። በጥንቱ ሕክምና ይህ ዘይት በአፍንጫም ይንጠባጠብ ነበር፤ እርሱን ቤት ውስጥ አትሞክሩት።

ሁለት ጠርሙሶች ይዤ መጥቻለሁ፤ በዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬላችኋለሁ። ጠቆር ያለው ኬረላ የተሠራ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚሸተው የበሰለ ሰሊጥ ነው፤ ቆይቶም የቆፈሩት ሥር ሽታ ይመጣል። ቀይ ሆኖ የሚያበራው ደግሞ ከኢንተርኔት የተገዛ ነው፤ ከሩቅ ሽቶ ሽቶ ይላል፤ የፈቃድ ቁጥሩ ሊጻፍበት የሚገባው ቦታም ባዶ ነው። ሰሊጥ የማይስማማችሁ ካላችሁ ጠርሙሶቹን አትክፈቱ። ሌሎቻችሁ ተራ በተራ ቀርባችሁ አሽትቷቸው፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።